ጅራፉ ሲናገር

እ.ኤ.አ. በ1220 የካቲት ወር የቡኻራ በሮች ተከፈቱ። ጄንጊስ ካን በፈረሱ ላይ እንዳለ ወደ ታላቁ መስጊድ ገባና የሱልጣኑ ቤተ መንግሥት እንደ ሆነ ጠየቀ። የፈጣሪ ቤት መሆኑ ተነገረው። ወረደና፣ ከከተማው ውጭ መኖ ስለሌለ ፈረሶቹ እዚህ ይቀለቡ ብሎ አዘዘ። የቁርኣን ማኖሪያ ሣጥኖች ተራግፈው ግርግም ሆኑ። ቅጠሎቹ በሰኮና ተረገጡ። የከተማዪቱ ሊቃውንትና ሸኾች ልጓም ይዘው ፈረስ ሲጠብቁ ዋሉ።

ይህን ያየ አንድ የተከበረ ኢማም አጠገቡ ወዳለው ወደ ሩክን አል-ዲን ኢማምዛዳ ዞር ብሎ፣ የሚያየው በሕልሙ ይሁን በውኑ ጠየቀው። ሩክን አል-ዲን ዝም አሰኘው። የሚነፍሰው የፈጣሪ ቁጣ ነፋስ ስለሆነ አፍ የሚከፈትበት ጊዜ አይደለም አለው።

ካኑ ከዚያ ተነሥቶ የበዓል ስግደት ወደሚሰገድበት ሜዳ ሄደ፤ መስበኪያው ላይም ወጣ። ባለጸጎቹን ሰብስቦ በአስተርጓሚ ሰበካቸው። የስብከቱ ፍሬ አጭር ነበር፤ ኃጢአታችሁ በዝቷል፣ ከሁሉም የበዛው የታላላቆቻችሁ ነው፣ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ማስረጃው እኔ ነኝ፤ ባትበድሉ ኖሮ ፈጣሪ እንደኔ ያለውን ቅጣት አይሰድባችሁም ነበር። ሰባኪው የነሱን መጽሐፍ አንብቦ አያውቅም። ሰማይን የሚያመልክ የሰፊው ሣር ምድር ልጅ ነበር።

አማርኛ ለእንዲህ ያለው ሰው የቆየ ተረት አለው፤ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል። የቡኻራው ጅራፍ ከዚህም አለፈ። ገርፎ ሰበከ።

ጨካኝ ገዥዎችን በተመለከተ ሰው ሁሉ የየራሱ ስሜት አለው። አንዱ ይጸየፋቸዋል፣ ሌላው በልቡ ያደንቃቸዋል፣ ሦስተኛው ዘመኑ እንዲህ ነበር ብሎ ያልፋቸዋል። የሃይማኖት ሰው ግን አንድ ተጨማሪ እሾህ አለበት። ታሪክን የሚመራ አምላክ አለ ብሎ ካመነ፣ እነዚህ ሰዎች በዚያ አምላክ እጅ ምን ይሠራሉ? መሣሪያ ከሆኑ መሣሪያ ይወቀሳል? ካልሆኑ ደግሞ አምላክ ያን ጊዜ የት ነበር?

የቡኻራውን ስብከት ያቆየልን ዐጣ-መሊክ ጁወይኒ ነው። ከተማዪቱ ስትወድቅ ጁወይኒ ገና አልተወለደም፤ የተወለደው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። አባቱ የሞንጎሎች ሹም ነበር። እሱም ከጄንጊስ የልጅ ልጅ ከሑላጉ ጋር ተጓዘ፤ በ1258 ባግዳድ ጠፍታ የመጨረሻው የአባሲድ ኸሊፋ ከተገደለ በኋላም የዚያችው ከተማ ገዥ ሆነ። እንግዲህ ስብከቱ የማን ነው? ካኑ በርግጥ ብሎት ይሆናል። ነገር ግን የእምነቱን ከተሞች ያፈረሰ ጌታ ለሚያገለግል የጨዋ ልጅ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚያስወስደው ቃል ይኸው ነው። ጌታው የፈጣሪ መሣሪያ ከሆነ አገልጋዩ ከሃዲ አይባልም።

በዚያው የመከራ ዘመን ሞሱል ላይ የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ኢብን አል-አቲር ሌላ ሰው ነው። ነገሩን ለመጻፍ ዓመታት ሲያቅማማ እንደ ኖረ፣ ምነው እናቴ ባልወለደችኝ ብሎ እንደ ተመኘ ጽፏል። የገዛ ወገኑን መርዶ ማን ደስ ብሎት ይጽፋል? ሆኖም ጻፈው። እሱም የሙስሊሙን ነገሥታት መከፋፈልና ግድየለሽነት አጥብቆ ወቅሷል። ልዩነቱ ገራፊውን መስበኪያ ላይ አለማውጣቱ ነው።

ሞሱል ያለችው በጤግሮስ ምዕራብ ዳር ነው። ወንዙን ሲሻገሩ ከማዶ የነነዌ ፍርስራሽ ይገኛል። የፈጣሪ ጅራፍ የሚለውን ሐሳብ መጽሐፍ ቅዱስ በግልጽ ያነሣውም ስለ አሦር ነገሥታት ነው።

አሦሮች ጭካኔን አይደብቁም ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ883 እስከ 859 የነገሠው ዳግማዊ አሹርናሲርፓል፣ ያመፁትን መኳንንት ቆዳ ገፍፎ ምሰሶ እንዳለበሰበት፣ በከተማ በር ፊት ራስ እንደ ከመረ፣ ምርኮኞችን በእሳት እንዳቃጠለ በድንጋይ አስቀርጾ ለአምላኩ ዘገባ አቀረበ። ጽሑፉ የቀዝቃዛ ሒሳብ ሠራተኛ ቃና አለው፤ ይህን ያህል ገደልሁ፣ ይህን ያህል ዐይን አወጣሁ፣ ይህን ያህል በሬ ነዳሁ። ከእሱ ብዙ ዘመን በኋላ የመጣው ሰናክሬም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ይሁዳን ወረረ፤ 46 የተመሸጉ ከተሞች እንደ ያዘና 200,150 ሰው እንዳወጣ ፎከረ። የይሁዳን ንጉሥ ሕዝቅያስንም በኢየሩሳሌም እንደ ወፍ በቀፎ ዘጋሁበት አለ። ከነዚያ ከተሞች አንዷን፣ ለኪሶን፣ እንዴት እንዳፈረሳት በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በሰፊው አስቀረጸ። ቅርጾቹ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም አሉ። በአንድ በኩል ራቁታቸውን በእንጨት የተሰኩ ሰዎች ይታያሉ፤ በሌላ በኩል በሬ የሚስበው ጋሪ አለ፤ ጓዝ ተጭኖበታል፣ ከጓዙ ላይ ደግሞ የተፈናቃይ ቤተሰብ ተቀምጧል።

ኢሳይያስ ይህን ሁሉ በዘመኑ ኖሮ አየው። በምዕራፍ 10 አሦር የእግዚአብሔር የቁጣ በትር መሆኑን ይናገራል። እዚህ ድረስ የቡኻራው ሰባኪ ይስማማል። ነቢዩ ግን ወዲያው አንድ እንግዳ ነገር ይጨምራል፤ ይህ በትር እንዲህ አያስብም፣ በልቡ ያለው ማጥፋት ብቻ ነው ይላል። ዱላ ልብ የለውም። ኢሳይያስ ግን ለዚህ ዱላ ልብ ሰጠው፤ ልብ ያለው ነገር ደግሞ ይጠየቃል። ስለዚህ ሥራው ሲያበቃ የአሦር ንጉሥ ትዕቢት በተራው እንደሚቀጣ፣ መጥረቢያ በሚቆርጥበት ሰው ላይ ሊመካ እንደማይገባው ይቀጥላል። ቡኻራ ላይ የተሰበከው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ግማሽ የሚያውቁት ሊቃውንት ልጓም ይዘው ነበር።

ኤርምያስ ጉዳዩን ያከብደዋል፤ የባቢሎኑን ንጉሥ ናቡከደነፆርን የእግዚአብሔር ባሪያ ይለዋል። አንባቢ እዚህ ላይ ቢደናገጥ አይፈረድበትም። ቤተ መቅደሱን ያቃጠለ ሰው፣ ሙሴ በተጠራበት ስም ተጠራ። እንዲህ ባለው ነገር የተቆጣው ግን ከኛ በፊት ዕንባቆም ነው። ኃጢአተኛው ከራሱ ይልቅ ጻድቅ የሆነውን ሲውጠው አምላኩ ለምን ዝም ብሎ እንደሚያይ ፊት ለፊት ጠየቀ፤ መልሱንም በመጠበቂያው ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ተናገረ። ይህን ያህል የደፈረው ሰው ከነቢያት ተራ አልወጣም፤ ጥያቄው ራሱ በመጽሐፉ ተካቷል። የሃይማኖት ሰው ጨካኞችን በተመለከተ ዝም ማለት አለበት የሚሉ ሰዎች ይህችን ትንሽ መጽሐፍ ቢያነቡ ደግ ነበር። ሦስት ምዕራፍ ብቻ ናት።

ሰናክሬም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ681 በገዛ ልጆቹ እጅ ተገደለ። ነነዌም በ612 ወደቀች።

የሁኖቹን ንጉሥ አቲላን ሁሉም ‹የእግዚአብሔር ጅራፍ› በሚለው ቅጽል ያውቀዋል። በሕይወት ሳለ ግን ማንም በዚህ ስም እንደ ጠራው የሚመሰክር ጽሑፍ የለም። በ449 ማዕዱ ላይ የተቀመጠው የምሥራቅ ሮም መልእክተኛ ፕሪስከስ ያየው ሌላ ሰው ነው፤ እንግዶቹ በብርና በወርቅ ሲበሉና ሲጠጡ እሱ በእንጨት ሳህን የሚበላ፣ በእንጨት ዋንጫ የሚጠጣ፣ ቀልደኛው ሌላውን ሁሉ ሲያስቅ ፊቱ የማይፈታ፣ ትንሹ ልጁ ኤርናክ ሲገባ ብቻ ጉንጩን እየዳሰሰ የሚለሰልስ። ቅጽሉን ያወጡለት በኋለኛው ዘመን የኖሩ የአውሮፓ ገድል ጸሐፊዎች ናቸው። ጅራፉን የፈጣሪ ያደረጉት የተገራፊዎቹ ልጆች መሆናቸው ነው። ለምን ቢባል፣ ሌላው አማራጭ የባሰ ነው። በኃጢአት ምክንያት መገረፍ ያማል፤ በከንቱ መገረፍ ግን ያሳብዳል። ቅጣት ነው ያለ ሰው ቢያንስ የሚለምነው ዳኛ አለው።

ይህ መጽናኛ የተገራፊው ሆኖ ቢቀር ምንም አልነበረም። ክፋቱ ገራፊው ሰምቶ መውሰዱ ነው።

የመካከለኛው እስያው ድል አድራጊ ቲሙር በዚህ የተካነ ነበር። በ1400 ሐለብን ከያዘ በኋላ የከተማዪቱን ሊቃውንት ሰብስቦ፣ ትናንት ከኛም ከናንተም ሰው ሞቷል፤ ሸሂድ የሚባለው የኛ ሙት ነው ወይስ የናንተ ብሎ ጠየቃቸው። የናንተ ቢሉ ውሸታሞች፣ የኛ ቢሉ ሟቾች ናቸው። ኢብን አል-ሺሕና የተባለው ዳኛ ነቢዩ ለአንድ የገጠር ሰው የሰጡትን መልስ ጠቀሰ፤ ሸሂድ ማለት የአላህ ቃል ከፍ እንዲል የተዋጋ ነው፣ ከየትም ወገን ይሁን። ቲሙር ወደደው፤ ‹መልካም፣ መልካም› አለ። መልሱ ከወጥመድ የወጣ ብልህ መልስ ነው። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ የማይጠየቅ ጥያቄ ነበር፤ ገዳዮቹስ ምን ይባላሉ?

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በ1401 መጀመሪያ፣ የቲሙር ሠራዊት ደማስቆን ከብቦ ሳለ አንድ የስድሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ በገመድ ታስሮ ከከተማዪቱ ግንብ ወደ ውጭ ወረደ። ሽማግሌው ኢብን ኻልዱን ነው፤ መንግሥት እንዴት እንደሚወለድ፣ እንዴት እንደሚያረጅና እንደሚሞት ከማንም በላይ አጥንቶ የጻፈው ሰው። ለቲሙር ቁርኣን፣ መስገጃ፣ ነቢዩን የሚያወድሰውን የቡርዳ ግጥምና አራት ሣጥን የግብፅ ጣፋጭ አበረከተለት። ገናናነቱን አስቀድሞ ሲጠብቅ እንደ ኖረ ነገረው። ቲሙር የሰሜን አፍሪካን ምድር እንዲገልጽለት ጠየቀው፤ ጽፎ ሰጠው። ሲሰናበቱ ቲሙር በቅሎውን ፈለጋት፤ ኢብን ኻልዱን አበረከተለት፣ ዋጋዋም በኋላ ካይሮ ድረስ ተላከለት። ደማስቆ ግን ተዘረፈች፤ ታላቁ የኡመያ መስጊድም ተቃጠለ። ሽማግሌውን ፈሪ ለማለት ከሩቅ ሆኖ ቀላል ነው። ይልቅ የሚከነክነው ነገር፣ ስለ ቲሙር የጻፈው በፍርሃት ብቻ አለመምሰሉ ነው። አንድ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ በመጽሐፍ ያወቀውን በሽታ በአካል ሲያገኘው እንደሚደሰት፣ እሱም የደስታ ነገር ይታይበታል። ጨካኞችን የሚያጠና ሰው ሁሉ ይህ ደስታ ሳይነካው አይቀርም።

ቲሙር በ1387 በኢስፋሃን ሕዝቡ ቀራጮቹን ስለ ገደለ 70,000 ራስ እንዲቆረጥ እንዳዘዘ ተጽፏል። ታሪክ ጸሐፊው ሐፊዚ አብሩ ከከተማው ዙሪያ ግማሹን በእግሩ ዞሮ ከራስ ቅል የተሠሩ 28 ግንቦች ቆጥሯል፤ በእያንዳንዱ 1,500 ያህል ራስ። የዚህ ዓይነት ቁጥር ሁልጊዜ በጥርጣሬ መታየት አለበት። ጁወይኒ ሞንጎሎች በመርቭ ከተማ ከአንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ በላይ ሰው ገደሉ ይላል፤ ዛሬ ይህን እንዳለ የሚቀበል የታሪክ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ገራፊው ቁጥሩን ያበዛዋል፣ ቀጣዩ ከተማ ሳይዋጋ በሩን እንዲከፍት። ተገራፊውም ያበዛዋል፣ ኀዘኑ በትንሽ ቁጥር አልገለጽ ስለሚለው። ሁለቱ የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። የሐፊዚ አብሩ ግን ይለያል፤ ሰውየው ሄዶ ቆጠረ።

ከነዚህ ሁሉ መካከል በገዛ አፉ ያዘነ አንድ አለ። የሕንዱ ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ261 ገደማ በሕንድ ምሥራቅ ዳርቻ ያለችውን ካሊንጋን ወጋ። ዐሥራ ሦስተኛው የድንጋይ ዐዋጁ 100,000 ሰው እንደ ተገደለ፣ 150,000 እንደ ተጋዘ፣ ከዚያም ብዙ እጥፍ እንዳለቀ ይቆጥራል፤ ንጉሡም በዚህ እንደሚጸጸት፣ ከእንግዲህ የሚሻው ድል የደግነት ድል መሆኑን ይናገራል። አሹርናሲርፓል እንደ ኩራት ያስቀረጸውን ቁጥር አሾካ እንደ ኑዛዜ አስቀረጸው። በዓለም ታሪክ አቻው የማይገኝ ድንጋይ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ግን ሁለት ነገር አለ። ያው ዐዋጅ የጫካ ሰዎችን፣ ንጉሡ ቢጸጸትም ኃይሉ እንዳልተለየው ያስጠነቅቃል። ካሊንጋም አልተመለሰችም። ሁለተኛው የባሰ ነው። በራሷ በካሊንጋ ምድር፣ በዳውሊና በጃውጋዳ፣ የአሾካ ዐዋጆች ሲቀረጹ ዐሥራ ሦስተኛው ተዘሏል፤ በምትኩ ሹማምንት ሕዝቡን በፍትሕ እንዲያስተዳድሩ የሚያዝዙ ሌሎች ዐዋጆች ገብተዋል። ንጉሡ የካሊንጋን ሰው መግደሉን ለዓለሙ ሁሉ ተናዘዘ፣ ለካሊንጋ ሰው ሲቀር። ምናልባት ቁስል ላለመነካካት አስቦ ይሆናል፤ ምናልባትም አመፅ ፈርቶ። የወሰደውን ሳይመልስ፣ ለበደለውም ሰው ሳይናገር ንስሐ ገባሁ የሚለውን ግን የኛ ሰው ብዙ አያምነውም።

በኛም አገር ጅራፉና ትንቢቱ የተገናኙበት ጊዜ አለ። የቋራው ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሥ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም የመረጠው በዋዛ አይደለም። ፍካሬ ኢየሱስ ከመከራና ከኃጢአት ዘመን በኋላ በጽድቅ የሚገዛ ቴዎድሮስ የተባለ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል። ሰውየው ወደ ተጻፈለት ስም ገባ። አገር አንድ አደረገ፣ ጋፋት ላይ መድፍ አሠራ፣ በግዛቱም ውስጥ ከአመፅ ወደ አመፅ ሲዋጋ ኖረ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ከነአብያተ ክርስቲያኗ ዘረፈ፣ አቃጠለም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲቃረብ፣ በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ብዙ እስረኞቹን አስገድሎ ወደ ገደል አስወረወረ። በማግሥቱ ስቅለት ነበር፤ አሮጌ ላይ ሠራዊቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ በላከው ደብዳቤ ሕዝቡ ሥርዓት አልቀበል እንዳለው፣ ጀርባውን እንደ ሰጠው አማረረ። የጅራፉ ተረት እዚህም ይሠራል። በፋሲካ ማግሥት፣ ሚያዝያ 6፣ ሽጉጡን ጠጣ።

ዛሬ ሽጉጡ ከገደሉ ይልቅ ይታወሳል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ቴዎድሮስን አነሡት፤ ንጉሡ ከመቃብሩ የወጣው በብዕር ነው። አሟሟቱ በርግጥ ልብ ይነካል፤ ለባዕድ አልማረክም ማለቱም እንዲሁ። ከጸሎተ ሐሙሱ ገደል በታች የቀሩት ግን ደራሲ አላገኙም። ይህ የኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ታሽከንት እ.ኤ.አ. በ1993፣ ቀድሞ የካርል ማርክስ ሐውልት በቆመበት አደባባይ፣ ቲሙርን በፈረሱ ላይ አቆመችው። ሞንጎልያ እ.ኤ.አ. በ2008 ለጄንጊስ ካን 40 ሜትር የሚረዝም የብረት ሐውልት ሠራች፤ ጎብኚ በውስጡ ወጥቶ ከፈረሱ ራስ ላይ ሆኖ ሜዳውን ያያል። አሸናፊ የልጅ ልጆች አሉት፤ የልጅ ልጆቹም ድንጋይና ብረት አላቸው። የመርቭ ሙታን የልጅ ልጅ የላቸውም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዞ የነነዌን ጾም ማሰብ ግር ያሰኛል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን በየዓመቱ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ከነነዌ ሰዎች ጋር ይጾማል። የሚያስበው ንስሓቸውን ነው፤ ማቅ የለበሰውን ንጉሥ፣ ከሕዝቡ ጋር የጾመውን ከብት። ነነዌ በእስራኤላዊ ጆሮ ምን ማለት እንደ ነበረች ግን እምብዛም አይነገርም። ዮናስ ወደ ተርሴስ የሸሸው ስንፍና ይዞት አይደለም። የተላከው ቆዳ ወደሚገፈፍበት አገር ነው፤ የፈራውም ሰዎቹ ተመልሰው ምሕረት ማግኘታቸውን ነበር። በኋላም ሆነ። ተቆጣ፤ ሞትን ለመነ። ለቁጣው ያገኘው መልስ ጥያቄ ነው፤ ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎች፣ ብዙም እንስሳት ያሉባት ከተማ አታሳዝነኝምን የሚል። መጽሐፉ እዚያው ላይ ይቆማል። ዮናስ ምን ብሎ እንደ መለሰ አልተጻፈም። የለኪሶ ሰው ቢጠየቅ ምን ይል እንደ ነበር መገመት ግን አያስቸግርም።

ወደ ቡኻራ እንመለስ። ዝም በል፣ የፈጣሪ ቁጣ ነፋስ ነው ያለው ሩክን አል-ዲን ኢማምዛዳ ከጁወይኒ መጽሐፍ የሚታወሰው በዚያች ቃሉ ነው። የቀረውን ያቆየልን ከነነዌ ማዶ የነበረው ኢብን አል-አቲር ነው። እንደሱ ትረካ፣ ሕዝቡ ከከተማ ወጥቶ ሲከፋፈል ወታደሮቹ በሴቶቹ ላይ በአደባባይ ግፍ ይፈጽሙ ጀመር፤ ወንዶቹ ምንም ማድረግ ተስኗቸው ያለቅሱ ነበር። ሩክን አል-ዲን ይህን ሲያይ ከልጁ ጋር ተነሣ። ሁለቱም እስኪገደሉ ድረስ ተዋጉ።